የኢልሃን ኦማር ወንበር የሚፈተነው በኦገስት ነው

የሚኒሶታዋ ሶማሊ-አሜሪካዊት የኮንግረስ አባል የኢልሃን ኦማር ስም በተነሳ ቁጥር ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ አንድ ወሬ ቶሎ ይዞራል። «አለቀላት» ይባላል። «ከኮንግረስ ሊያባርሯት ነው» ይባላል። ጃንዋሪ 2024 ላይ ስለ ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የባሕር በር ስምምነት የተናገሩበት ቪዲዮ ሲወጣ እንዲሁ ተብሎ ነበር። ሴፕቴምበር 2025 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት እሳቸውን በማውገዝ ጉዳይ ድምፅ ሲሰጥም ተብሏል። ዲሴምበር 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ እሳቸውንም የሶማሊያ ስደተኞችንም «ቆሻሻ» ብለው ሲዘልፉ ደግሞ ወሬው ጣራ ነካ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ አንዱም ወንበራቸውን አላሳጣቸውም። ሊያጡት የተቃረቡት አንዴ ነው። እሱም ከሚኒሶታ ውጭ ብዙ ሰው ልብ ባላለው ቀን፣ በፓርቲያቸው በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ዕለት፣ ኦገስት 9 ቀን 2022። ልዩነቱ 2,466 ድምፅ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ዋናው መከራከሪያ ሶማሊያም እስራኤልም አልነበረም። የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሚያየው ያንን ቀን ነው። አንዲት አሜሪካዊት የምክር ቤት አባል ሥልጣኗን እንዴት እንደምታገኝ፣ እንዴትስ ልታጣው እንደምትችል ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

ማባረር፣ ማውገዝ፣ ከኮሚቴ ማውጣት

መጀመሪያ ሦስት ነገሮችን እንለይ። ወሬው የሚደበላልቀው እነዚህን ነው።

አንድን የምክር ቤት አባል ማባረር ይቻላል፤ ግን ሕገ መንግሥቱ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። አንዱ ፓርቲ በጥቂት ወንበር በሚበልጥበት ምክር ቤት ውስጥ ይህ ያለ ሌላው ፓርቲ ትብብር አይሆንም።

ማውገዝ ቀለል ይላል። ከግማሽ በላይ ድምፅ ይበቃዋል። አባሉ በይፋ ይወቀሳል፤ ወንበሩ ግን አይነካም። በሴፕቴምበር 2025 ኢልሃን ላይ የቀረበው የዚህ ዓይነት ውሳኔ ነበር። እሱም በ214 ለ213 ድምፅ ወደ ጎን ተደረገ። አራት ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶቹ ጋር ባይቆሙ ኖሮ ያልፍ ነበር።

ሦስተኛው ከኮሚቴ ማውጣት ነው። ይህኛው በእርግጥ ደርሶባቸዋል። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2023 ሪፐብሊካኖች በ218 ለ211 ድምፅ ከውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አስወጥተዋቸዋል። ምክንያት ያደረጉት ስለ እስራኤል የተናገሯቸውን ነገሮች ነው። በተለይ በ2019 ትዊተር ላይ የአሜሪካ ፖለቲከኞች ለእስራኤል የሚሰጡትን ድጋፍ ከገንዘብ ጋር አያይዘው የጻፉት ብዙ አይሁዳውያንን አስቆጥቶ፣ እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀውበት ነበር። ደጋፊዎቻቸው እርምጃውን የበቀል ፖለቲካ አሉት። ሪፐብሊካኖች ደግሞ ዴሞክራቶች በ2021 የእኛን አባላት ከኮሚቴ አስወጥተው የለ እንዴ አሉ። በሁለቱም በኩል ጥቂት እውነት አለ። ለእኛ ርዕስ ግን ቁምነገሩ ይህ ነው፦ ኮሚቴው ቀረ፣ ወንበሩ አልቀረም።

ወንበሩን መስጠትም መንሳትም የሚችለው የሚኒሶታ አምስተኛው የምርጫ ወረዳ ሕዝብ ነው። ሚኒያፖሊስና በዙሪያዋ ያሉ ጥቂት ከተሞች ማለት ነው።

በገቡበት በር

ኢልሃን የተወለዱት በ1982 ሞቃዲሾ ውስጥ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ቤተሰባቸው ወደ ኬንያ ሸሸ፤ አራት ዓመት ያህል በስደተኞች ካምፕ ኖሩ። በ1995 አሜሪካ ገቡ። በኋላ ሚኒያፖሊስ ከተሙ፤ በ2000 ዜግነት አገኙ።

የፖለቲካ ታሪካቸው በአንድ የውስጥ ምርጫ ይጀምራል። በ2016 ለሚኒሶታ ክልላዊ ምክር ቤት ሲወዳደሩ ከፊታቸው የቆሙት ፊሊስ ካን ነበሩ። ካን ያንን ወንበር 44 ዓመት ይዘውታል፤ የራሳቸው የኢልሃን ፓርቲ አባል ናቸው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አካባቢና ሶማሊዎች የሚበዙበት የሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር በሚገኙበት በዚያ ወረዳ ዴሞክራት ያልሆነ ሰው አያሸንፍም። ስለዚህ ካንን መጣል የሚቻለው በኦገስቱ የውስጥ ምርጫ ብቻ ነበር። ኢልሃን ጣሏቸው። ዛሬ የራሳቸውን ወንበር ሊያሳጣ የሚችለው መንገድ ያኔ የገቡበት መንገድ ነው።

በ2018 ደግሞ የወረዳው የኮንግረስ ተወካይ የነበሩት ኪት ኤሊሰን ለክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ሊወዳደሩ ወንበሩን ለቀቁ። የመጡት ተወዳዳሪዎች ብዙ ናቸው። ኢልሃን 48 በመቶ አካባቢ አግኝተው አሸነፉ። ከግማሽ በታች መሆኑን ልብ በሉ። ሚኒሶታ ውስጥ በውስጥ ምርጫ ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር የለም፤ ብዙ ያገኘ ይወስዳል። በኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ግን 78 በመቶ አገኙ። ከዚያ ምርጫ በኋላ ከሚሺጋኗ ራሺዳ ጠሊብ ጋር የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ሴት የኮንግረስ አባላት ሆኑ። ምክር ቤቱም ከ1837 ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ ራስን መሸፈን የሚከለክለውን ደንቡን ለሂጃብ ሲባል አሻሻለ።

ፕራይመሪ እንዴት ይሠራል?

ፕራይመሪ ማለት ፓርቲው ለዋናው ምርጫ የሚያቀርበውን ሰው ሕዝቡ ራሱ የሚመርጥበት የውስጥ ምርጫ ነው። ብዙ የአሜሪካ ወረዳዎች አስቀድመው የአንዱ ወይም የሌላው ፓርቲ ሆነዋል። አምስተኛው ወረዳ ከ1963 ጀምሮ ከዴሞክራቶች እጅ ወጥቶ አያውቅም። በእንደዚህ ዓይነት ቦታ የኖቬምበሩ ምርጫ እንደ ምርቃት ነው። የሚያልቀው በኦገስት ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ ፓርቲው ራሱ ስሙ ይለያል። የዴሞክራት፣ የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲ ይባላል፤ በምህፃሩ ዲኤፍኤል። በ1944 ሁለት ፓርቲዎች ተዋህደው የመሠረቱት ነው። ከፕራይመሪው በፊት ዲኤፍኤል የራሱን ጉባኤ ጠርቶ ለሚፈልገው ተወዳዳሪ ድጋፍ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህንን ድጋፍ ከእጩነት ጋር ያምታታዋል። ድጋፍ ብቻ ነው። ድጋፉን ያላገኘ ሰውም ኦገስት ላይ ስሙ ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል።

ወረቀቱን ቀረብ ብለን እንየው። የፓርቲ ተወዳዳሪዎች የተደረደሩት በዓምድ ነው። አንዱ ዓምድ የዲኤፍኤል፣ ሌላው የሪፐብሊካን። መራጩ የትኛውንም ዓምድ መምረጥ ይችላል፤ ሚኒሶታ ውስጥ ሲመዘገብ የየትኛው ፓርቲ አባል እንደሆነ አይጠየቅም። ግን አንዱን ዓምድ ብቻ ነው። ከሁለቱም ላይ ካጠቆረ የፓርቲ ድምፁ አይቆጠርለትም። ስሕተቷ ትንሽ ትመስላለች። በ2,466 ድምፅ በሚያልቅ ምርጫ ግን ትንሽ የሚባል ነገር የለም።

ይህ አሠራር ክርክር ያስነሳል። ሪፐብሊካኖች ሆን ብለው በዲኤፍኤል ዓምድ ገብተው ኢልሃንን ሊጥሉ ይችላሉ የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል፣ ወንበሩ የሚወሰነው በኦገስት ከሆነ የወረዳው ነዋሪ ሁሉ በኦገስት ድምፅ የመስጠት መብት አለው የሚሉ አሉ። ድምፅ ምስጢር ስለሆነ ስንት ሰው እንደተሻገረ የሚቆጥር የለም። በእኔ ግምት ይህ ሰበብ ከሚገባው በላይ ይወራል። ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ያሳያል።

በ2022 የሆነው

በ2020 ተቀናቃኛቸው አንቶን ሜልተን-ሞ የሚባሉ ጠበቃና አሸማጋይ ነበሩ። በሦስት ወር ብቻ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ለእስራኤል የሚቆሙ ለጋሾች ትልቅ እጅ ነበራቸው። ኢልሃንንም የወረዳውን ሥራ ትተው በአገር አቀፍ ጸብ ተጠምደዋል ብለው ከሰሱ። የኢልሃን ዘመቻ የባለቤታቸው ድርሻ ላለበት አማካሪ ድርጅት ብዙ ገንዘብ መክፈሉም መነጋገሪያ ነበር። ሕጉ ይህንን አይከለክልም፤ ክፍያው በገበያ ዋጋ መሆኑ ነው የሚጠየቀው። ኢልሃን ውሉን ያቋረጡት ከምርጫው በኋላ ነው። ያም ሆኖ 103 ሺህ ያህል ድምፅ ይዘው በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ሜልተን-ሞ ያገኙት 68 ሺህ ገደማ ነው።

በ2022 የመጡት ዶን ሳሙኤልስ ናቸው። ሳሙኤልስም ስደተኛ ናቸው፤ ጃማይካ ነው የተወለዱት። ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የአሻንጉሊት ንድፍ አውጪ ነበሩ። በኋላ የከተማው ምክር ቤትና የትምህርት ቦርድ አባል ሆነዋል። የሚኖሩት ተኩስ በሚበዛበት የሰሜን ሚኒያፖሊስ ሰፈር ነው። ስለዚህ «ስደተኛ ይጠላሉ» ወይም «ጥቁር አይደሉም» ብሎ ማለፍ አይቻልም ነበር።

አጀንዳቸው አንድ ነው፦ ፖሊስ። ጆርጅ ፍሎይድ ሜይ 25 ቀን 2020 በሚኒያፖሊስ ፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። በኖቬምበር 2021 የፖሊስ መምሪያው ፈርሶ በሌላ የሕዝብ ደኅንነት ተቋም ይተካ የሚል ጥያቄ ለሕዝብ ቀረበ። ኢልሃን ደገፉት። ሳሙኤልስ ተቃወሙት። መራጩ 56 ለ44 በሆነ መቶኛ ጣለው። ማለትም የኢልሃን የራሳቸው ከተማ፣ ብዙ ዴሞክራቶች ጭምር፣ በዚህ ጉዳይ አልተከተላቸውም። የለውጡ ደጋፊዎች የተጠየቀው ማፍረስ ሳይሆን መልሶ ማዋቀር ነው፤ ጥያቄው በፍርሃት ተተርጉሞ ቀረ ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ወንጀል በጨመረበት ሰዓት የፖሊስ ቁጥር መቀነስ ቀልድ ነው አሉ። ከንቲባው ጄኮብ ፍሬይ ለሳሙኤልስ ድጋፋቸውን ሰጡ።

አሁን ቁጥሩን እንይ። ኢልሃን 57 ሺህ 683 አገኙ። ሳሙኤልስ 55 ሺህ 217። ከ2020 ጋር ሲተያይ የተቃዋሚው ድምፅ በ13 ሺህ አካባቢ ቀንሷል። የኢልሃን ግን በ45 ሺህ ወርዷል! ሳሙኤልስ ከዚያ በፊት ከነበረው ተቀናቃኝ ያነሰ ድምፅ አግኝተው ነው ለማሸነፍ የተቃረቡት። እንግዲህ ሪፐብሊካን ጎርፎ ገባ ቢባል እንኳ የተቃዋሚው ድምር መጨመር ነበረበት። አልጨመረም። የጠፋው የኢልሃን መራጭ ነው፤ ቤቱ ቀረ።

ለምን ቀረ? 2020 ልዩ ዓመት ነበር። ፍሎይድ የተገደለው ከፕራይመሪው ሁለት ወር ተኩል ብቻ ቀድሞ ነው፤ ትራምፕም በምርጫው ወረቀት ላይ ሊመጡ ነው፤ በወረርሽኙ ምክንያት በፖስታ ድምፅ የሰጠውም ብዙ ነው። በ2022 ይህ ሁሉ የለም። ወጣቶች፣ ተከራዮች፣ ቤት የሚቀያይሩ ሰዎች የኢልሃን ደጋፊዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በኦገስት ሙቀት ካልቀሰቀሷቸው አይመጡም። ቤት ያለውና ዕድሜው ገፋ ያለው ሰው ግን ሳይጠሩትም ይመጣል። እሱ ደግሞ ወደ ሳሙኤልስ ያዘነብላል።

በ2024 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። በዚህ ጊዜ ኢልሃን አልተኙም። የበር ለበር ቅስቀሳው በረታ፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ፤ ሳሙኤልስ ወደ 1.4 ሚሊዮን ነበራቸው። ውጤቱ 56 ለ43 ሆነ። የሳሙኤልስ ድምፅ በትንሹ ቀነሰ፤ የኢልሃን በ10 ሺህ ያህል ጨመረ።

ገንዘቡ የት ነበር?

2024 የእስራኤል ደጋፊው ቡድን ኤይፓክ በዴሞክራት የውስጥ ምርጫዎች ላይ ገንዘብ ያፈሰሰበት ዓመት ነው። ያፈሰሰው በሱፐር ፓኩ በኩል ነው። ሱፐር ፓክ ከተወዳዳሪ ጋር ሳይመካከር ያለ ገደብ ገንዘብ ሰብስቦ ማስታወቂያ የሚያሠራ ድርጅት ነው። ኒውዮርክ ላይ ጀማል ቦውማንን ለመጣል 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። ሚዙሪ ላይ ኮሪ ቡሽን ለመጣል ከ8 ሚሊዮን በላይ። ሁለቱም ወደቁ። ሁለቱም የኢልሃን የቅርብ ጓዶች ናቸው። ሦስቱም በ2021 የባይደንን የመሠረተ ልማት ሕግ ከተቃወሙት ስድስት ዴሞክራቶች ውስጥ ነበሩ። ኢልሃን ላይ ግን በዚያ ዓመት ያ ሁሉ ገንዘብ አልመጣም።

ግራ ዘመሞቹ ወንበር በገንዘብ ተገዛ ይላሉ። ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ወረዳ ላይ መዋሉ ራሱ ጤና አይመስልም፤ እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ግን ገንዘቡ የገባው የተሰነጠቀ ግድግዳ ባለበት ነው። የቡሽ የጥበቃ ወጪ በፍትሕ ሚኒስቴር እየተመረመረ ነበር። የተቀናቀኗቸው ዌስሊ ቤል የታወቁ የሴንት ሉዊስ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ቦውማን የተገጠሙት የዌስትቸስተር ካውንቲ አስተዳዳሪ ከነበሩት ጆርጅ ላቲመር ጋር ነው፤ ሰፈሩ ለዓመታት የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። ሚኒያፖሊስ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ዕድሉን የሚሞክር ሰው ነው የነበረው። የጋዛው ጦርነትም በዚያ ወረዳ ኢልሃንን የጎዳ አይመስልም። በማርች 2024 በሚኒሶታ የፕሬዚዳንት ፕራይመሪ ወደ 19 በመቶ የሚሆነው ዴሞክራት መራጭ ባይደንን ትቶ «ለማንም አልሰጥም» የሚለውን መርጧል። ለብዙዎቹ ምክንያቱ ጋዛ ነበር።

የባሕር በሩ ንግግር

ወደ እኛው መንደር እንምጣ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። በወሩ መጨረሻ ኢልሃን ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሶማሊኛ ንግግር አደረጉ። ሰነዱን ተቃወሙ፤ የሶማሊያ ባሕር እንዳይወሰድ ባሉበት ቦታ እንደሚሟገቱ ተናገሩ። ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ትርጉም ተሠራጨ። ትርጉሙ «መጀመሪያ ሶማሊ ነኝ፣ ቀጥሎ ሙስሊም» እንዳሉ አድርጎ አቀረባቸው። የሚኒሶታ የዜና ተቋማት ሶማሊኛ የሚችሉ ተርጓሚዎችን ሲጠይቁ ያ አረፍተ ነገር የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። ሪፐብሊካኖች ግን የሥነ ምግባር ምርመራና ውግዘት ጠየቁ።

በአማርኛው ሠፈር ሁለት ነገር ተምታታ። የትርጉሙ ስሕተት አንድ ነገር ነው፤ የሰነዱ ተቃውሞ ሌላ። ተቃውሞው እውነት ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ይገባታል የሚል ሰው በንግግሩ ቢከፋ የሚጠበቅ ነው። ግን ያኔ ኢልሃን ከውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ከወጡ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ከ435 አባላት አንዷ ናቸው። የአሜሪካን የአፍሪካ ቀንድ ፖሊሲ ብቻቸውን የሚያዞሩ ሰው አልነበሩም።

የተወለደበትን አገር ጉዳይ ይዞ ዋሽንግተን ላይ መጮህም የሶማሊዎች ብቻ ሥራ አይደለም። ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበው የምክር ቤት ውሳኔ፣ ኤች አር 128፣ በ2018 እንዲያልፍ ደጅ የጠኑት እነማን ነበሩ? በኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ የሚጠይቀውን ረቂቅ ሕግ፣ ኤች አር 6600ን፣ ለማስቆም ስልክ ሲደውሉ የከረሙትስ? በ2021 በቨርጂኒያ የገዥ ምርጫ በባይደን የኢትዮጵያ ፖሊሲ የተቆጡ የማኅበረሰባችን አባላት ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀስቅሰዋል። አሠራሩን እናውቀዋለን።

ከንግግሩ ሰባት ወር ሳይሞላ ኢልሃን በ13 ነጥብ አሸነፉ።

ቀጥሎስ?

የሚኒሶታ ፕራይመሪ ሁልጊዜ በኦገስት ሁለተኛ ማክሰኞ ይውላል። በ2026 ኦገስት 11 ማለት ነው። አስቀድሞ ድምፅ መስጠት የሚጀመረው 46 ቀን ቀድሞ፣ ጁን 26 ላይ ነው።

ወንበሩ ይናጋል አይናጋም ለማለት የትራምፕን ስድብ መቁጠር አይጠቅምም። እንዲያውም ስድቡ የተኛውን መራጭ ይቀሰቅሳል። ማየት ያለብን ሌላ ነው። ተቃውሞው በአንድ ጠንካራ ሰው ዙሪያ ይሰበሰባል ወይስ ይበታተናል? የከተማው መከራከሪያ ምን ይሆናል? በሴዳር ሪቨርሳይድ ፎቆች ውስጥ ያለው ተከራይ በዚያ ማክሰኞ ይወርዳል ወይስ ቤቱ ይቀራል?

ከእነዚያ መራጮች ውስጥ የእኛም ሰዎች አሉ። ሚኒያፖሊስና አካባቢዋ ብዙ ኦሮሞና ሌሎች ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ነው፤ የክልሉ ምርጫ ቢሮም የምዝገባ ቅጹን በአማርኛና በኦሮምኛ ያዘጋጃል። ዜግነት ያለውና ያልተመዘገበ ሰው በዕለቱ እዚያው ጣቢያው ላይ መመዝገብ ይችላል። የአድራሻ ማስረጃ ካጣ በዚያው ጣቢያ የተመዘገበ ጎረቤቱ ሊመሰክርለት ይችላል። አንድ ጎረቤት እስከ ስምንት ሰው ድረስ መመስከር ይፈቀድለታል።